ጤና ጣቢያ ላይ ሆነን የአንጀት መዘጋትን በእጅና በጆሮ እንዴት እንለየው?

ጠያቂ፦ ጀማሪዋ ነርስ፣ ምሥራቅ ጎጃም

እንዴት ሰነበታችሁ ባልደረቦቼ? የምሠራው ከጮቄ ተራራ ግርጌ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። ከላይ ከደጋው የሚመጣ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ በቃሬዛ ነው የሚደርሰን። ራጅ የለንም። አልትራሳውንድም የለንም። ያለን ስቴቶስኮፕ፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ ቴርሞሜትርና እጃችን ነው።

ሰሞኑን አንድ ጎልማሳ ገበሬ መጣ። «ሆዴን ነፋኝ፣ ይቆርጠኛል» አለ። ቤት ውስጥ ፌጦ በጥብጠው አጠጥተውታል። ሆዱ በግልጽ ተወጥሯል። አላስመለሰውም። በዚያን ዕለት ጠዋት ደግሞ ትንሽ ሰገራ ወጥቶለታል። ስቴቶስኮፕ ሳስቀምጥበት ድምፅ አለ፤ እንዲያውም በዛብኝ። አብሮኝ ተረኛ የነበረው ባልደረባዬ «ሰገራ ወጥቶለታል፣ አንጀቱም ይጮኻል፣ ስለዚህ አልተዘጋም፤ የጨጓራና የሆድ ድርቀት መድኃኒት ይሰጠውና ይሂድ» አለ። እኔ ልቤ አልተቀበለውም። ሪፈር ይሁን ብዬ ተከራከርኩ። ኃላፊያችን ተስማማና ላክነው። ትልቁ አንጀቱ ተጠማዝዞ ተገኘ። አሁን ድኖ ቤቱ ገብቷል፣ ተመስገን።

ነገር ግን በምን ምልክት ነው እንዲህ ያልሽው ብባል መልስ አልነበረኝም። የገበሬው ሁኔታ አላምር ስላለኝ ብቻ ነው። የሚቀጥለው ተረኛ እንዲህ ባይሰማውስ? ሆድ ስንመረምር ምኑን እንይ? የአንጀት ድምፅ ምን ያህል ይታመናል? ሰገራ ከወጣ ነገሩ አለቀ ማለት ነው? የምታውቁትን ንገሩኝ።


መልስ፦ ነርስ ከደጀን

እንኳን ላክሽው እህቴ። እኔ ስለ መድኃኒቱ ብቻ ልናገር። ሆዱ የተወጠረና ሰገራውም አየሩም የተያዘ ሰው ሲመጣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት አትስጡ። ቢሳኮዲልም ይሁን የጉሎ ዘይት ያው ነው። መውጫው ተዘግቶ አንጀቱን ብታስጨንቂው ሊቀደድ ይችላል። ፕላሲልም እንደዚሁ። ማስመለስ ያቆማል ብለን በልምድ እንወጋዋለን፤ ግን አንጀትን የሚያንቀሳቅስ መድኃኒት ነውና የተዘጋ አንጀት ላይ አይሰጥም። ምርመራው እስኪጠራ በአፉ ምንም አይግባ። ውኃም ቢሆን። ቤተሰብ «ጠላ ትንሽ ይቅመስ፣ ያፍታታዋል» ሲል እምቢ በሏቸው።


መልስ፦ ሲስተር፣ የቀዶ ሕክምና ዋርድ፣ ደብረ ማርቆስ

እህቴ፣ ይህ ጉዳይ እኔን ያንገበግበኛል። ዋርዳችን ከሚተኙት ሕመምተኞች ውስጥ ዘግይተው የመጡትን የማያቸው እኔ ነኝ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብጽፍ ይቅርታ አድርጊልኝ።

መጀመሪያ የእኛን አገር ሁኔታ እንያዝ። የውጭ መጻሕፍት ስታነቢ የትንሹ አንጀት መዘጋት ዋና መንስኤ ከቀድሞ ኦፕራሲዮን የቀረ መጣበቅ ነው ይላሉ። ስለዚህ ተማሪ ሳለን «ጠባሳ ፈልጉ» ተብለናል። ጠባሳ መፈለጉ ትክክል ነው። ግን ከጎጃም ደጋ የሚመጣልሽ ገበሬ አብዛኛውን ጊዜ ሆዱን ቢላ ነክቶት አያውቅም። እኛ ጋ አንጀት በራሱ ላይ መጠማዘዙ ብዙ ነው። ትልቁ አንጀት ላይ ሲሆን ሲግሞይድ ቮልቩለስ እንለዋለን፤ የመጨረሻው የትልቁ አንጀት ክፍል ረጅምና ልቅ ሆኖ ሲዞር የሚመጣ ነው። ወንዶች ላይ ይበዛል። አሰር የበዛበት አመጋገባችን አንዱ ምክንያት እንደሆነ ሐኪሞች ያነሳሉ። ትንሹ አንጀትም ይጠማዘዛል። ቀኑን ሙሉ ሳይበላ ውሎ ማታ አንድ ጊዜ ብዙ ከበላ በኋላ የጀመረው ከሆነ ይህን አስቢ። እሱ ደግሞ ቶሎ ይበሰብሳል። ስለዚህ ጠባሳ የለውም ብለሽ አትዘናጊ።

አሁን ወደ ምርመራው። ቅደም ተከተሉ ማየት፣ መስማት፣ መታ መታ ማድረግ፣ መዳሰስ ነው። ሌላው አካል ላይ ከመስማት በፊት እንዳስሳለን፤ ሆድ ላይ ግን እጅሽ ድምፁን ስለሚለውጠው ጆሮሽ ይቀድማል። ይህን ቅደም ተከተል ቸኩለው የሚያፋልሱ ብዙ ናቸው።

ማየት የሚባለው ነገር እኔ የምሳሳለት ክፍል ነው። ሕመምተኛው ሽንቱን ሸንቶ ይምጣ፤ የሞላ ፊኛ ሆድ የተነፋ ያስመስላል። በጀርባው ይተኛ፣ ጉልበቱን አጠፍ ያድርግ። ልብሱ ይውለቅ። እናቶች መቀነታቸውን ይፍቱ፤ መቀነት እንደታሰረ ሆድ አየሁ ማለት አይቻልም። ከጡት ሥር እስከ ብሽሽት መታየት አለበት። መጋረጃ ከሌለ ቤተሰቡን አስወጪና ነጠላ ያዢ። ከዚያ ጎንበስ ብለሽ ዓይንሽን ከሆዱ ጋር እኩል አድርገሽ ከጎን እዪ። እኩል ነው የተነፋው ወይስ ወደ አንድ ወገን አዘንብሏል? ሲግሞይድ ሲጠማዘዝ ሆዱ አንድ ወገን ይበልጥ ጎልቶ ልታዪው ትችያለሽ። ቀጭን ሰው ከሆነ አንጀቱ ከቆዳው ሥር ሲንቀሳቀስ ይታያል። ሲተነፍስ ሆዱ አብሮ ይነሳል ወይስ ደርቆ ቀርቷል? የደረቀ ሆድ ክፉ ነው።

ከዚያ ብሽሽት። እባካችሁ ብሽሽት። የቁልቁለት እባጭ፣ ማለትም ሄርኒያ፣ ውስጡ አንጀት ይዞ ታንቆ ሲቀር ሆድ ይነፋል፣ ያስመልሳል፣ እኛ ግን ዓይናችን ሆዱ ላይ ብቻ ነው። ሁለቱንም ብሽሽት፣ የወንድ ከሆነ የዘር ፍሬ ከረጢቱን፣ እምብርቱንም እዩ። እንዲያስል አድርጉት። ቀድሞ ተኝቶ ሲገፉት የሚገባ እባጭ ዛሬ አልገባ ካለ፣ ከጠጠረና ከታመመ አንቡላንስ ጥሪ። በኃይል ልመልሰው ብለሽ አትግፊው። አሮጊት እናቶች ላይ እባጩ ትንሽ ሆኖ ጭን መነሻ ላይ ተደብቆ ይገኛል። ያፍራሉ፤ ካልጠየቅሻቸው አይነግሩሽም።

ጆሮሽ ቀጥሎ ነው። ስቴቶስኮፑን በእጅሽ አሙቂው። ከቀኝ ታችኛው የሆድ ክፍል ጀምሪ፤ ትንሹና ትልቁ አንጀት የሚገናኙት እዚያ ስለሆነ ድምፅ ቶሎ ይገኛል። በጤነኛ ሰው በደቂቃ ከ5 እስከ 30 ጊዜ ያህል ድምፅ ይሰማል። «ድምፅ የለም» ብለሽ ከመጻፍሽ በፊት በድምሩ 5 ደቂቃ አዳምጪ። ተረኛ ሆኖ 5 ደቂቃ ረጅም ነው፣ አውቃለሁ። ግን ግማሽ ደቂቃ አዳምጦ የለም ማለት ማስረጃ አይሆንም።

ባልደረባሽ «ይጮኻል፣ ስለዚህ አልተዘጋም» ማለቱ ነገሩን ገልብጦታል። አንጀት ሲዘጋ ከመዘጊያው በላይ ያለው ክፍል ለማሳለፍ ይታገላል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ድምፁ ይበዛል፣ ቀጠን ይላል፣ ከፍ ይላል፣ የብረት ኳኳታ የሚመስልም አለው። ይበልጥ የሚያሳስበው ደግሞ ቁርጠቱ በመጣ ቁጥር ድምፁ አብሮ ሲንጫጫ ነው። እጅሽን ይዞ «መጣ መጣ» ሲልሽ ስቴቶስኮፑን አታንሺ። ሰዓቱ ሲገፋ አንጀቱ ይደክማል፤ ድምፁ ይቀንሳል፣ ከዚያ ጸጥ ይላል። ትናንት ይጮኽ የነበረ ሆድ ዛሬ ጸጥ ካለ ተሻለው ማለት አይደለም። ድምፅ ብቻውን ግን አያስፈርድም፤ ሁለት ጎበዝ ነርሶች አንዱን ሆድ ሰምተው ሊለያዩ ይችላሉ። ከሌላው ምልክት ጋር ደምረሽ ነው የምትፈርጂው።

መታ መታ ስታደርጊ አየር የሞላበት ሆድ ባዶ ድምፅ ይሰጥሻል። ቀስ ብሎ መታ ማድረጉ ራሱ ካሳመመው የሆድ ዕቃው ሽፋን ተቆጥቷል ማለት ሊሆን ይችላል።

መዳሰሱን ከማያመው ቦታ ጀምሪ። እጅሽ ይሙቅ። ዓይንሽ እጅሽ ላይ ሳይሆን ፊቱ ላይ ይሁን፤ የእኛ ገበሬ ሲያመው አይጮኽም፣ ግንባሩን ነው የሚቋጥረው። ሆዱ በራሱ ጠጥሮ አልነካም ካለ፣ ወይም እጅሽን ስታነሺ ይበልጥ ካመመው ከመዘጋት አልፎ አንጀቱ መሞት ወይም መቀደድ ጀምሮ ይሆናል።

የሰገራው ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። ከመዘጊያው በታች ቀድሞ የነበረ ሰገራ ከተዘጋ በኋላም ሊወጣ ይችላል። ሙሉ በሙሉ ካልተዘጋ ደግሞ ቀጭን ተቅማጥ ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ትንሽ ወጣ ማለት ምንም አያረጋግጥም። ከዚያ በኋላ ወጣ ወይ? አየርስ? ዋናው ጥያቄ ይህ ነው።


ጠያቂ፦ ጀማሪዋ ነርስ

ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጽሑፉን አትሜ ተረኛ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ልለጥፈው ነው። ሦስት ነገር ልጨምር። የአየሩን ነገር ትልልቅ ሰዎችን መጠየቅ እኔን ያሳፍረኛል፤ እነሱም ዝም ይላሉ። እንዴት ትጠይቂያለሽ? ሁለተኛ፣ ገበሬው አለማስመለሱስ ምን ማለት ነው? ሦስተኛ፣ የሕመም ማስታገሻ ከሰጠን ምልክቱ ይደበቃል የሚሉ አሉ።


መልስ፦ ሲስተር፣ የቀዶ ሕክምና ዋርድ፣ ደብረ ማርቆስ

ብቻቸውን ሲሆኑ ጠይቂ። ምራታቸውና የልጅ ልጃቸው ከበዋቸው ቆመው ማን ይመልስልሻል? ጠጋ ብለሽ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ «አባቴ፣ መጨረሻ አየር የወጣልዎ መቼ ነው? ትናንት ማታ ነው? ዛሬ ጠዋት?» በያቸው። «ወጥቷል ወይ» ካልሽ አዎ ብለው ይገላገሉሻል። «መቼ» ስትይ ግን ያስባሉ። እረኛ ከብት ካስገባ በኋላ ነው፣ ከቅዳሴ መልስ ነው እያሉ ይነግሩሻል፤ አንቺ ወደ ሰዓት ቀይረሽ ጻፊው። ሳታፍሪ ከጠየቅሽ እነሱም አያፍሩም።

ማስመለሱ መዘጊያው የት እንደሆነ ይጠቁምሻል። ላይኛው አንጀት ላይ ከተዘጋ ገና ከመነሻው ብዙ ያስመልሳል፣ ሆዱ ግን ብዙ አይነፋም። ይህ ነው አታላዩ። ሆዱ አልተነፋም ተብሎ ጨጓራ ተብሎ ይመለሳል። ታችኛው ላይ ሲዘጋ ሆዱ በጣም ይነፋል፣ ማስመለሱ ይዘገያል ወይም ጭራሽ አይኖርም። የአንቺ ገበሬ ይኼኛው ነው። ትውከቱን ራስሽ እዪው። ምግብ ነው? አረንጓዴ ነው? ቡናማ ሆኖ ሰገራ ሰገራ ይሸታል? ቤተሰቡ ደፍቶት ከመጣ ቀለሙንና ሽታውን ጠይቂ።

ስለ ሕመም ማስታገሻ፦ ሰውን እያሰቃዩ ማቆየት የድሮ አስተሳሰብ ነው። መጀመሪያ መርምሪ፣ ያገኘሽውን ከነሰዓቱ ጻፊ፣ ከዚያ የሚያዝዘው ባለሙያ ያዘዘውን ስጪ። ተቀባዩ ሆስፒታል ምን በስንት ሰዓት እንደተሰጠ ካወቀ ችግር የለም። ቡስኮፓን ግን ሌላ ነገር ነው። ቁርጠት ለተባለ ሁሉ እንሰጠዋለን። አንጀትን የሚያስተኛ ስለሆነ አንጀቱ ተዘግቷል ተብሎ ለሚጠረጠር ሰው አይሆንም።

የሕመሙንም ጠባይ ተከታተዪ። መጣ ሄደ የሚል ቁርጠት የነበረው ሰው ሕመሙ የማያቋርጥ ከሆነ፣ ፐልሱ (የልብ ምቱ) በደቂቃ ከ100 ካለፈ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ሰገራው ላይ ደም ከታየ፣ አንጀቱ ደም አጥቶ እየሞተ ነው ብለሽ አስቢ። ከዚያ በኋላ ድንገት «ቀለል አለኝ» ካለሽ ሆዱን እንደገና ዳሺ፤ አንጀቱ ተቀዶም ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ረስቼ። በሜትር የሆዱን ዙሪያ በእምብርቱ ላይ ለኪ፣ የለካሽበትን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጊበት። አንቡላንስ እስኪመጣ በየግማሽ ሰዓቱ እዚያው ላይ ድገሚ። «ሆዱ ተነፍቷል» ከሚል ጽሑፍ «በአንድ ሰዓት 3 ሳንቲ ሜትር ጨመረ» የሚለው ይበልጣል።


መልስ፦ የሕፃናት ክፍል ነርስ፣ ባሕር ዳር

ስለ ልጆች ማንም ስላላነሳ ነው የገባሁት። ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ያለ ሕፃን እግሩን ወደ ሆዱ ሰብስቦ አልቅሶ አልቅሶ፣ ከዚያ ዝም ብሎ፣ ከደቂቃዎች በኋላ እንደገና የሚያለቅስ ከሆነ አንዱ አንጀት ሌላው ውስጥ ገብቶበት ይሆናል። በመሃል ሲያርፍ ደህና ስለሚመስል እናቲቱን «ቁርጠት ነው» ብለው ይመልሷታል። ዝም ባለበት ሰዓት ሆዱን ዳሱት፤ ሞላላ እባጭ ታገኙ ይሆናል። ደም የተቀላቀለበት እንደ ማርማላታ ያለ ሰገራ ዘግይቶ የሚመጣ ምልክት ነው፣ እሱን አትጠብቁ። አዲስ የተወለደ ልጅ አረንጓዴ ካስመለሰ ደግሞ ሌላው ሁሉ ባይኖር እንኳ ያኔውኑ ይላክ። ከፍ ያሉት ላይ ወስፋት ተጠቅልሎ አንጀት የሚዘጋበት ጊዜ አለ፤ ወስፋት አስመልሶ ያውቃል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።


መልስ፦ ሰርጂካል ኦፊሰር፣ ምዕራብ ጎጃም

ሲስተር ጨርሳዋለች። እኔ የምናገረው ከሪፈር ወረቀቱ ስለምፈልገው ነገር ነው። «አኪዩት አብዶመን (ድንገተኛ ከባድ የሆድ ሕመም)፣ ለተሻለ ሕክምና» ብቻ ተጽፎበት የሚመጣ ወረቀት አያግዘኝም። ሕመሙ የጀመረበት ቀንና ሰዓት። መጨረሻ ሰገራና አየር የወጣበት። ስንት ጊዜ አስመለሰ፣ ምን ቀለም። ግፊት፣ ፐልስ፣ ሙቀት፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ተለክቶ። ሆዱ ለስላሳ ነው ወይስ ጠጣር። ብሽሽት ታይቷል ወይስ አልታየም። የተሰጠው መድኃኒትና ፈሳሽ። ይህ ግማሽ ገጽ አይሞላም።

ሰዓቱን የምጠይቀው ለወግ አይደለም። ሲግሞይድ ተጠማዝዞ አንጀቱ ገና ካልሞተ ሬክታል ቲዩብ (በፊንጢጣ የሚገባ ቱቦ) በሲግሞይዶስኮፕ (የታችኛውን አንጀት ውስጡን በሚያሳይ መሣሪያ) አሳልፎ አየሩን ማስወጣትና ጠመዝማዛውን መፍታት ይቻላል። ሰውየው ከዚያ በኋላ ረጋ ብሎ ተዘጋጅቶ ኦፕራሲዮን ይሆናል። አንጀቱ ከሞተ ግን ሌሊቱኑ ሆድ ተከፍቶ የሞተው ተቆርጦ መውጣት አለበት። አደጋው እጅግ ይለያያል። ይህንን ቱቦ ጤና ጣቢያ ላይ አትሞክሩት፤ ኢኒማም (በፊንጢጣ የሚገባ ማጠቢያ ፈሳሽ) አትስጡ።

ከመላካችሁ በፊት ስልክ ደውሉ። ደም ሊያስፈልግ ስለሚችል ደም የሚሰጥ ጤነኛ ዘመድ አብሮ ይሳፈር።


ጠያቂ፦ ጀማሪዋ ነርስ

ጋሼ፣ አንቡላንሱ ሌላ ቦታ ሄዶ ሁለት ሦስት ሰዓት የሚያስጠብቀን ጊዜ አለ። በዚያ መሃል እኛ ምን እናድርግ? ኤን ጂ ቲዩብ (በአፍንጫ አልፎ ጨጓራ የሚደርስ ቱቦ) ማስገባት እንችላለን?


መልስ፦ ሰርጂካል ኦፊሰር፣ ምዕራብ ጎጃም

ትችላላችሁ፤ የሠለጠናችሁበት ነው። በቅድሚያ ግን ደም ሥር ያዙ። ወፍራም ካኑላ፣ 16 ወይም 18 ቁጥር፣ ቢቻል በሁለቱም እጅ። ሪንገር ላክቴት ወይም ኖርማል ሳላይን አንጠልጥሉ። ቤተሰብ «ግሉኮስ አድርጉለት» ይላችኋል፤ የተዘጋ አንጀት ውስጥ የተጠራቀመውን ፈሳሽና ጨው ግሉኮስ አይተካም። ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ካላችሁ አስገቡና ሽንቱን በየሰዓቱ ለኩ። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር መሽናት አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ ፈሳሹ አልበቃውም።

ኤን ጂ ቲዩቡን ከአፍንጫ እስከ ጆሮ፣ ከጆሮ እስከ ደረት አጥንቱ ጫፍ ለክታችሁ ምልክት አድርጉ። ለአዋቂ 16 ወይም 18 ፍሬንች (የቱቦ ውፍረት መለኪያ ነው) ይሆናል። ስታስገቡ ካሳለውና መናገር ካቃተው አውጡት። የጨጓራ ፈሳሽ ስባችሁ መግባቱን አረጋግጡ፣ አፍንጫው ላይ በፕላስተር እሰሩ። ከዚያ ጫፉን አትዝጉት። መንገድ ላይ ይንጠባጠባል ተብሎ ታጥፎ በፕላስተር ታሽጎ የሚመጣ ቱቦ ብዙ አያለሁ፤ እንዲህ ከሆነ ባይገባ ይሻል ነበር። ከረጢት ከሌላችሁ የጓንት ጣት ቀዳችሁ እሰሩበት፣ ወይም ባዶ የሳላይን ጠርሙስ ውስጥ አድርጉትና ከሕመምተኛው በታች አንጠልጥሉት። በመርፌ ሲሪንጅ በየጊዜው ሳቡ።

አንቡላንስ ውስጥ ጭንቅላቱ ከፍ ይበል። ካስመለሰ በጎኑ አዙሩት። አብራችሁ የምትሄዱት ነርስ ከቱቦው ስንት ሚሊ ሊትር እንደወጣና ቀለሙ ምን እንደነበር ወረቀቱ ጀርባ ላይ ጽፋችሁ አስረክቡን።